ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ ሮቦት መጥረጊያ ከመምረጣችን በፊት ወለላችንን እንለካ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በቤት ቁሳቁስ ዓምዳችሁ ላይ አቧራ የሚስቡና ወለል የሚወለውሉ ሮቦቶችን አወዳድራችሁ ያቀረባችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጉዳዩን ማንሳታችሁ በራሱ ያስመሰግናችኋል፤ ምክንያቱም ጉልበቱን ለሚያመው፣ ጎንበስ ቀና ማለት ለሚከብደው ወይም ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ይህ መሣሪያ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ሠንጠረዣችሁ ሮቦቶቹን ከላይ ወደ ታች የደረደራቸው በመሳብ ኃይላቸው፣ ማለትም በፓስካል ቁጥራቸው በመሆኑ፣ አንባቢው ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ ለቤቱ የማይስማማ ዕቃ ይዞ እንዳይገባ እሰጋለሁ። እኔ ራሴ በዚሁ መንገድ ተሳስቼ ስለነበር፣ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ለአንባቢዎቻችሁ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያውን ሮቦት የገዛሁት ለእናቴ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ወለል መጥረግና መወልወል ከከበዳት ቆይቷል። ካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው የመሳብ ኃይል ከጎኑ ከተደረደሩት ሁሉ ስለሚበልጥ፣ ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ገዛሁት። በመጀመሪያው ቀን ሮቦቱ የሳሎኑን ግማሽ ያህል ጠርጎ ከሶፋው ሥር እንደገባ ድምፁ ተለወጠ፤ ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፣ እሱ ግን ወደፊትም ወደኋላም አይልም። በሆዴ ተኝቼ በስልኬ መብራት ስመለከት፣ ጀርባው ላይ ያለችው ክፍሉን በሌዘር ብርሃን የምትለካ ክብ ቆብ ከሶፋው ጣውላ ሥር ተቀርቅራለች። በኋላ በማስመሪያ ስለካ የሮቦቱ ቁመት 9.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሶፋው ክፍተት ደግሞ ከፊት 9.8 ሆኖ ወደ ውስጥ ሲገባ ወደ 9.6 ዝቅ ይላል። በዚህች በ1 ሚሊ ሜትር ምክንያት እናቴ በየቀኑ ተንበርክካ ሮቦቱን በመወልወያ እንጨት እየገፋች ማውጣት ነበረባት። እንድታርፍበት የገዛሁላት ዕቃ መንበርከክን ጨመረባት ማለት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችሁ ከሁሉ በፊት የምለው፣ የዕቃ መግለጫ ከማንበባቸው በፊት ሜትር ይዘው ቤታቸውን እንዲለኩ ነው። አብዛኞቹ ሮቦቶች ወርዳቸው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሌዘር ቆብ ያላቸው ቁመታቸው ከ9.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ቆብ የሌላቸው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላሉ። እንግዲህ የአልጋችንና የሶፋችን ሥር ስንት ነው? በምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች እግር መካከል 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ዞሮ መውጣት ይችላል? የበሮቻችን ደፍስ? የተለመደው ሮቦት የሚሻገረው ደፍ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሻገሩት በቅርብ ዓመታት የመጡት፣ ጎማቸውን ወይም አካላቸውን ከፍ የሚያደርጉት ውድ ሞዴሎች ናቸው። ደፉ 3 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ቤት ርካሹን የገዛ ሰው ሮቦቱን በየክፍሉ እየተሸከመ ማዞሩ አይቀርም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገርም አለ። ሮቦቱ ከደረጃ እንዳይወድቅ ከሆዱ ሥር ወደ ወለል ብርሃን እየላኩ ነጸብራቁን የሚያነቡ ሴንሰሮች አሉት፤ ጥቁር ምንጣፍ ይህን ብርሃን ስለሚውጠው፣ አንዳንድ ሮቦቶች ጥቁሩን ምንጣፍ እንደ ገደል ቆጥረው ከጫፉ ይመለሳሉ። ጥቁር ወይም በጣም ጠቆር ያለ ስጋጃ ያለው ሰው ይህን ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

አሁን ወደ ፓስካሉ ልምጣ። ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው፤ በመግለጫዎች ላይ የሚጻፈው ከፍተኛው ቁጥርም ብዙውን ጊዜ የአየር መግቢያው በታፈነበት ሁኔታ የሚገኘው ነው። ቆሻሻውን ከወለል አንሥቶ ወደ ማጠራቀሚያው የሚወስደው ግን የሚፈስሰው አየር መጠንና ብሩሹ ወለሉን የሚነካበት አኳኋን ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት 2,000 ፓስካል የሚያኮራ ቁጥር ነበር፤ ዛሬ ከ20,000 በላይ የተጻፈባቸው ይሸጣሉ። ወለሉ አሥር እጥፍ ጸዳ ማለት ግን አይደለም። ወለሉ ሴራሚክ ወይም ለስላሳ እንጨት የሆነ ቤት ከ2,500 እስከ 4,000 ፓስካል ባለው ሮቦት፣ በየቀኑ ከሠራ፣ ንጹሕ ሆኖ ይውላል። ተጨማሪው ኃይል ትርጉም የሚኖረው ፀጉራቸው ረዘም ያሉ ምንጣፎች ባሉበት ነው፤ እዚያም ቢሆን ብሩሹ ወደ ምንጣፉ ሥር ካልደረሰ ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይፈይድም። በተራው ቫክዩም ክሊነር ላይም ይኸው ሆኖ አይተናል። የአውሮፓ ኅብረት የሞተሩን ኃይል በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ከ1,600 ዋት፣ በመስከረም 2017 ደግሞ ከ900 ዋት በታች እንዲሆን ሲያስገድድ፣ ከዚያ በፊት ሰው ጥሩውን መጥረጊያ የሚለየው በዋት ብዛት ነበር። አምራቾቹ የአየር መተላለፊያውንና የመጥረጊያውን አፍ አሻሽለው በአነስተኛ ዋት በደንብ የሚያጸዱ መሣሪያዎች አቀረቡ። ዛሬ ፓስካል የያዘው ቦታ ያኔ ዋት የያዘውን ነው።

ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ታዲያ ገንዘቡን የት ላይ ቢያውል ይሻለዋል? እንደ እኔ እምነት መንገድ በማወቂያው ላይ ነው። ኤሌክትሮሉክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ትሪሎባይት የሚባለውን የመጀመሪያውን ሮቦት መጥረጊያ በ2001 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርብ፣ በቀጣዩም ዓመት አይሮቦት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሩምባን ሲያወጣ፣ መሣሪያዎቹ እንደ ዛሬዎቹ የቤቱን ካርታ አያውቁም ነበር። ሩምባ እየተጋጨና እየተመለሰ፣ በዕድል ያህል፣ ወለሉን ደጋግሞ ይሸፍናል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኒያቶ የተባለው ኩባንያ የሚሽከረከር ሌዘር የያዘ ሮቦት ካወጣ ወዲህ ነው ክፍሉን ለክቶ፣ መስመር ጠብቆ፣ እርሻ እንደሚያርስ ገበሬ ትልም በትልም የሚሄድ መሣሪያ በየቤቱ መግባት የጀመረው። ያን ጊዜ ለውዶቹ ብቻ የነበረው ሌዘር ዛሬ በዝቅተኛው የዋጋ እርከን ውስጥ በሚገኙ ብዙ ሞዴሎች ላይ አለ፤ ስለዚህ ሌዘር የሌለውን ለመግዛት ያለው ምክንያት በእጅጉ ቀንሷል። አንድ ክፍል ብቻ ላለው ሰው እየተጋጨ የሚሄደውም ይበቃዋል፤ ጠባብ ቦታን ደጋግሞ ስለሚያልፍበት ውሎ አድሮ ያዳርሰዋል። ሦስትና አራት ክፍል ባለበት ቤት ግን ካርታ የማያውቅ ሮቦት አንዱን ጥግ አምስት ጊዜ ጠርጎ ሌላውን ክፍል ሳይረግጥ ባትሪው ያልቃል። በካሜራ ብቻ የሚመሩ ሮቦቶች ብርሃን እንደሚፈልጉ፣ በሌዘር የሚመሩት ደግሞ በጨለማ እንደሚሠሩ፣ ነገር ግን እስከ ወለል የሚወርድ የመልክ ማያ ወይም የመስኮት መስታወት ሊያሳስታቸው እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይበልጥ አደናጋሪ የሆነው የመወልወሉ ነገር ነው፤ ጽሑፋችሁም «ይወለውላል» የሚል አንድ ምልክት ብቻ በሁሉም ፊት አስቀምጦ አልፎታል። በዚህች አንዲት ቃል ሥር ግን በጣም የተለያዩ መሣሪያዎች ይሸጣሉ። የመጀመሪያውና ርካሹ ከሮቦቱ ኋላ እርጥብ ጨርቅ የሚጎትት ነው። ጨርቁን የሚጫነው የሮቦቱ ክብደት ብቻ ነው፤ አይፈትግም፣ አይታጠብም። አቧራ የሚመስለውን ስስ ሽፋን ያነሣል፤ የደረቀ ጠብታን ግን አያስለቅቅም። በእናቴ ቤት የነበረው ይህ ዓይነቱ ነው። ነጩን ጨርቅ ከሥራው በኋላ ገልብጬ ሳየው፣ ፊተኛው ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቶ፣ መካከሉ አመድማ ሆኖ፣ ኋለኛው ጠርዝ እንደ ነጣ ነበር። ወለሉን ከጎን ሆነን በመስኮቱ ብርሃን ስናየው ደግሞ ሮቦቱ የሄደበት መንገድ ሁሉ ሸንተረር ሸንተረር ሆኖ ይታይ ነበር። ያልታጠበ ጨርቅ የመጀመሪያውን ክፍል ያጸዳል፤ በሁለተኛው ክፍል ቆሻሻውን ይዞ ይዞራል፤ ሦስተኛው ላይ ይለቀልቀዋል። ይህን የገዛ ሰው ጨርቁን በየክፍሉ መካከል እያወጣ ማጠብ አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ከሆነ ለትንሽ ቤት አይከፋም።

ቀጥሎ ያለው ጨርቁን በፍጥነት የሚያንቀጠቅጠው ነው፤ በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ የሚያንቀጠቅጡ አሉ፤ ከሚጎተተው በተሻለ ይፈትጋል። ከዚያ ወለሉን እየተጫኑ የሚሽከረከሩ ሁለት ክብ ጨርቆች ያሏቸው ይመጣሉ፤ በደቂቃ 180 ወይም 200 ዙር ገደማ ይዞራሉ፤ የደረቀ እድፍ ላይ ለውጡ የሚታየው ከእነዚህ ጀምሮ ነው። በቅርቡ የተስፋፉት ደግሞ ጨርቅ እንደለበሰ የሊጥ ማዳመጫ ያለ ጥቅል ያላቸው ናቸው። ጥቅሉ እየዞረ ንጹሕ ውኃ ይረጭበታል፣ ቆሻሻው ውኃ እየተፋቀ ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ስለዚህ ወለሉን የሚነካው ክፍል ሁልጊዜ አዲስ ታጥቦ የመጣው ነው። ለመወልወል ብቻ ቢሆን እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሰፊ ሴራሚክ ባለበት፣ ሕፃን በሚድህበት ቤት ልዩነቱ በእግር መዳፍ ይታወቃል።

ምንጣፍና ሴራሚክ ተቀላቅለው ባሉበት ቤት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ሮቦቱ ምንጣፍ ላይ ሲወጣ እርጥቡን ጨርቅ ምን ያደርገዋል? ርካሾቹ ምንም አያደርጉትም፤ ምንጣፉን ያረጥቡታል፣ ወይም በስልክ በምናዝበት አፑ ላይ ክልክል መስመር ልናሰምርላቸው ይገባል። የመካከለኞቹ ጨርቁን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህ ለስስ ምንጣፍ ይበቃል፣ ፀጉሩ ረዘም ላለ ስጋጃ ግን አይበቃም። ከሁሉ የሚሻሉት ጨርቃቸውን ቻርጅ በሚያደርጉበት ጣቢያ ላይ አውልቀው ትተው ምንጣፉን በደረቁ ለመጥረግ የሚሄዱት ናቸው። ወለሉ ላሚኔት (ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ ንጣፍ) ወይም ቀለም ያልተቀባ እንጨት የሆነ ሰው ደግሞ፣ የትኛውንም ቢገዛ፣ የውኃው መጠን በአፑ የሚቀነስ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በመጋጠሚያዎቹ የሚሰርግ ውኃ ላሚኔትን ያሳብጣል፣ ያበጠውም ወደ ቦታው አይመለስም።

ስለ ጣቢያው፣ ማለትም ሮቦቱ ቻርጅ ስለሚያደርግበት ማረፊያ፣ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ የዋጋው ልዩነት በአመዛኙ ከዚህ ይመነጫል። የሮቦቱ የራሱ ማጠራቀሚያ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ጥራጊ ስለሚይዝ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መደፋት አለበት። አንዳንዱ ጣቢያ ይህን ጥራጊ በራሱ ስቦ ከ2.5 እስከ 3 ሊትር በሚይዝ ከረጢት ውስጥ ያጠራቅማል፤ አምራቾቹ ከረጢቱ እስከ 60 ቀን ይቆያል ይላሉ፣ የቤት እንስሳ ባለበት ግን ከዚያ ቀድሞ ይሞላል። አቧራ አለርጂ ለሚያስነሣበት ሰው በዚህ ከረጢት ላይ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው፤ የሮቦቱን ማጠራቀሚያ በእጅ መድፋት ያን ሁሉ አቧራ መልሶ ፊታችን ላይ ማቡነን ነውና። ከዚህ የሚበልጠው ጣቢያ ደግሞ ጨርቁን በራሱ ያጥባል፣ በሞቀ አየር ያደርቃል። ማድረቂያው ቀላል ነገር እንዳይመስለን፤ እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ካደረ በማግስቱ ቤቱን የሚሞላው የሻገተ ጨርቅ ሽታ ነው። ስለዚህ የሚያጥብ ነገር ግን የማያደርቅ ጣቢያ ከሚገዛ፣ ጨርቁን በእጁ አጥቦ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የሚያጥብ ጣቢያም ቢሆን ያለ ሰው እጅ አይኖርም። ሁለተኛውን ሮቦት ከገዛን በኋላ እኔ አንድ ሳምንት ሳልመጣ ቆየሁ፣ እናቴም የቆሻሻውን ውኃ ገንዳ ማንሣት ከብዷት ተወችው። ክዳኑን ስከፍት ከግራጫው ውኃ በታች እንደ ጭቃ የረጋ፣ ከፀጉርና ከክር ጋር የተቋጠረ አተላ ነበር፤ ሽታው አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም። እነዚህ ገንዳዎች እያንዳንዳቸው 3 ወይም 4 ሊትር ውኃ ይይዛሉ፤ 4 ሊትር ውኃ ደግሞ 4 ኪሎ ነው፣ በአንድ እጅ ተይዞ ሳይፈስ እስከ መታጠቢያ ቤት መሄድ አለበት። ለአዛውንት የሚገዛ ሰው ከፓስካሉ ይልቅ ይህን ያስብ። እኛ መፍትሔ ያገኘነው ገንዳው ግማሽ ሳይሞላ በየሁለት ቀኑ እንዲደፋ በማድረግና ጣቢያውን ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ በማስቀመጥ ነው። ከውኃ ቧንቧና ከፍሳሽ መስመር ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ጣቢያዎችም አሉ፤ ቤቱ የሚፈቅድለትና ገንዘቡ ያለው ሰው ይህን ሸክም ከነጭራሹ ይገላገላል።

በአጭሩ እንግዲህ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚኖርበት፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ትንሽ ቤት ሌዘር ያለውና ጨርቅ የሚጎትት ወይም የሚያንቀጠቅጥ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ሮቦት ይበቃዋል፤ ለትልቁ ጣቢያ የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ብዙም አያተርፍለትም፣ ጣቢያውም ቦታ ይይዝበታል። ሁሉም ክፍል ምንጣፍ የለበሰበት ቤት የሚወለውለውን ትቶ፣ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ብሩሽ ያለውንና ጥራጊውን በራሱ የሚያራግፈውን ይፈልግ። ውሻ ወይም ድመት ያለው ሰው፣ ረጅም ፀጉር ያላቸው ሰዎች የሚኖሩበትም ቤት እንዲሁ፣ ዋናው ብሩሽ ጎማ መሆኑንና ፀጉር የማይጠመጠምበት መሆኑን ይመልከት፤ በጠጉራም ብሩሽ ላይ የተጠመጠመን ፀጉር በየሳምንቱ በመቀስ መቁረጥ አሰልቺ ሥራ ነው። ልጆች ባሉበት፣ ካልሲ፣ መጫወቻና የቻርጀር ገመድ ወለል ላይ በማይጠፋበት ቤት ዕቃን በካሜራ ለይቶ የሚሸሸው ገንዘቡን ያወጣል። ፎቅና ምድር ላለው ቤት ደግሞ፣ የተለመዱት ሮቦቶች ደረጃ ስለማይወጡ፣ አንድ ውድ ገዝቶ ከመሸከም ይልቅ ሁለት መካከለኛ መግዛት የተሻለ ይመስለኛል፤ የላይኛው እርከን ዋጋ ከታችኛው አራትና አምስት እጥፍ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ገንዘብም ይተርፋል።

ካሜራን ካነሣሁ አይቀር፣ በቤታችን ውስጥ የሚዞር ዓይን መሆኑን መርሳት የለብንም። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የተባለው መጽሔት፣ ለሙከራ ለተከፈላቸው መረጃ ሰብሳቢዎችና ለኩባንያ ሠራተኞች ከተሰጡ ሮቦቶች የተነሡ የቤት ውስጥ ፎቶግራፎች ወደ ማኅበራዊ መገናኛ መውጣታቸውን ዘግቧል። ሮቦቶቹ የሙከራ እንጂ ለገበያ የቀረቡት አልነበሩም፤ ሆኖም ሥዕሉ ከቤት ከወጣ በኋላ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያሳየናል። ይህ የሚያሳስበው ሰው ሌዘር ብቻ ያለውን ይምረጥ።

ዕድሜውም ሌላ ጉዳይ ነው። ኒያቶ በ2023 እ.ኤ.አ. ሥራውን እንዲያቆም ተደርጓል፤ አይሮቦትም በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። በፈር ቀዳጆቹ ላይ የደረሰ በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ አፑ የሚሠራው በኩባንያው ኮምፒውተር በኩል ከሆነ፣ ኩባንያው ሲዘጋ ካርታውና መርሐ ግብሩ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት፣ በጀርባው ላይ ባለው ቁልፍ ብቻ ተነሥቶ የሚጠርግ መሆኑን መጠየቅ ይገባል። የጎን ብሩሹና ማጣሪያው በየጥቂት ወሩ፣ የመወልወያው ጨርቅም እንዲሁ ይለወጣሉ፤ ባትሪውም ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ይደክማል። ባትሪው በብሎን ተፈትቶ የሚቀየር ከሆነ ሮቦቱ እንደገና ወጣት ይሆናል፤ መለዋወጫው የማይገኝ ከሆነ ግን ርካሽ የተባለው ዕቃ በሦስተኛው ዓመት ውድ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ ዝግጅት ክፍላችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ተመሳሳይ ማወዳደሪያ ሲያወጣ፣ ከፓስካሉ ጎን የሮቦቱን ቁመት፣ የሚሻገረውን ደፍ፣ ጨርቁ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ገንዳው ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና ባትሪው የሚቀየር መሆን አለመሆኑን በየዓምዱ እንዲያስገባልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እናቴ አሁን የምትጠቀምበት ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በፓስካል ከመጀመሪያው የሚያንስ ሮቦት ነው፤ ከሶፋው ሥር ገብቶ በራሱ ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ